ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ተረት አለኝ። «አምጣው» በሉኝ።

እንደሱ ነው እንጂ! ከኋላ ያላችሁት ግን ድምፃችሁ አልተሰማኝም። ግድ የለም፣ መሐሉ ላይ ስደርስ ራሳችሁ «ከዚያስ?» ትላላችሁ።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ አይደለም፤ ኮምፒውተር ያለበት ድሮ ነው። ምን ያስቃችኋል? የናፈቀን ነገር ሁሉ ድሮ ነው። ያን ጊዜ ዕቃ ይናገር ነበር፤ ሰውም ጊዜ ነበረውና ይሰማው ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ ኮምፒውተር ነበረ። ወጣትነቱን ያሳለፈው በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ከብዙ ቢጤዎቹ ጋር ተሰልፎ ደብዳቤ ሲጽፍ ኖረ። አንድ ቀን አዳዲሶች መጡና አሮጌዎቹ ወጥተው ኮሪደር ላይ ተከመሩ። የሚያልፈው ሁሉ በእግሩ ገፋ ያደርጋቸው ጀመር። የእኛም ኮምፒውተር ጎኑ የተጫረው ያኔ ነው። ያን ያህል ዓመት አገልግሎ «ደህና ሁን» ያለው ሰው አልነበረም፤ ይህ ነገር ሆዱ ውስጥ ቀረ።

ኑረዲን የሚባል ነጋዴ ከኮሪደሩ ገዝቶ ወደ ሱቁ ወሰደው። ከፈተው፣ አቧራውን እፍ አለለት፣ የላላውን አጠበቀ፣ ያረጀውን ለወጠ፣ «ታድሷል» ብሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ገዢ መጣ፤ ጎኑን አይቶ ሄደ። ሌላ ገዢ መጣ፤ እሱም ጎኑን አይቶ ሄደ። ኑረዲን ሰለቸውና «ቅናሽ» የሚል ወረቀት ግንባሩ ላይ ለጠፈበት። ኮምፒውተሩ መግቢያ ጠፋው። እስቲ እናንተ ግንባራችሁ ላይ «ቅናሽ» ተብሎ ቢለጠፍባችሁ!

ሦስተኛዋ ገዢ እትዬ አሰገደች ነበሩ። እትዬ አሰገደች ዕድሜያቸውን ሙሉ በጽሕፈት መኪና ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የሌላውን ደብዳቤ ሲጽፉ የራሳቸው ነገር ሳይጻፍ ቀርቷል። እናታቸው የነገሯቸውን ተረቶች መጻፍ ይፈልጋሉ። ተረቶቹን የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት የለም፤ እሳቸውም መርሳት ጀምረዋል። ይህ በጣም ያስፈራቸው ነበር።

«ይሄ የተጫረው ይሠራል?» አሉ።

«እንደ አዲስ ነው፣ እማማ። ጭረቱ ላይ ላዩን ነው።»

«እኔስ መች ሳልጫር ቀረሁ! በል ትንሽ ቀንስልኝና ልውሰደው።»

«ኧረ እማማ፣ ተቀንሶ እኮ ነው!»

«ታዲያ ምርቃትስ የለውም?»

ኑረዲን ሳቀና አንድ ኪቦርድ መረቀላቸው። እትዬ አሰገደች ወረቀቱን ከኮምፒውተሩ ግንባር ላይ ላጥ አድርገው ጣሉ። ታክሲ ውስጥም እስከ ሰፈራቸው ድረስ ከጭናቸው አላወረዱትም።

ቤታቸው ውስጥ ሦስት የእናታቸው ዕቃዎች ነበሩ፦ የከሰል ካውያ፣ በእግር የምትሠራ የስፌት መኪና፣ እና ዳንቴል የለበሰ ሬዲዮ። ተነሥተው ተቀበሉት እንዳልል ዕቃ አይነሣም፤ ግን በደንብ ተቀበሉት።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ልጄ» አለው ካውያው።

«ቤት ለእንግዳ» አለችው የስፌት መኪናዋ።

«ከየት ነው የመጣኸው?» አለው ሬዲዮኑ።

«ከሩቅ ነው፣ ጋሼ» አለ ኮምፒውተሩ። ስለ ኮሪደሩ መናገር አፍሮ ነው።

እትዬ አሰገደች ተቀምጠው ለእሱም ዳንቴል ሠሩለት። አቧራ እንዳይገባበት ብለው ደግሞ ከውስጡ ወፍራም ገበር አደረጉበት። ከፊት ለስክሪኑና ለማብሪያው ያህል ብቻ ትተው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከጎን እስከ ኋላ አለበሱት። ጭረቱ ተሸፈነ። ኮምፒውተሩ ከደስታው የተነሣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«እኔን የሚለብሰኝ የተከበረ ዕቃ ብቻ ነው» አለው ዳንቴሉ። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ከዚያ የቤቱ ድመት፣ ውሮ፣ ዘላ ወጣችና ዳንቴሉ ላይ ተጋደመች። ከሥሯ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማት። «እሰይ! ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው የነበረ አልጋ» አለች።

በማግሥቱ እትዬ አሰገደች መጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው ተረት የኤሊዋ ነው፤ እናታቸው ልብስ ሲተኩሱ የሚነግሯቸው። ካውያውን ቀና ብለው ያያሉ፣ ያስታውሳሉ፣ ይጽፋሉ። ኤሊዋ ወንዙን ልትሻገር ገባች። ወንዙ መሐል ስትደርስ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያለችው ማራገቢያ ጮኸች።

«አየር! አየር! ታፈንኩ!»

«ዝም በይ፣ አታሳፍሪኝ» አላት ኮምፒውተሩ።

ድርግም! ጠፋ። የተጻፈው ሁሉ አብሮ ጠፋ። ኤሊዋም ወንዙ መሐል ቀረች።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ምን ጎደለህ?» አሉ እትዬ አሰገደች።

ኮምፒውተሩ እውነቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ውሮ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከችለት። «ዋ! ዳንቴሉን ካወለቁልህ ጭረትህ ይታያል። ጭረትህ ከታየ ያ ወረቀት ተመልሶ ይለጠፍብሃል።»

ኮምፒውተሩ ፈራ። «ራም ነው የጎደለኝ» አለ። ራም ማለት ኮምፒውተር የጀመረውን ሐሳብ ይዞ የሚቆይበት ዕቃ ነው። ቢጨመርለት አይጠላም፤ የጎደለው ግን እሱ አልነበረም።

የጡረታን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ፤ ከአስቤዛ አያልፍም። ጠዋት ደግሞ አሮጌ ዕቃ እየገዛ ጆንያው ውስጥ የሚከተው ሰውዬ በሰፈሩ ያልፋል። «ቆራሌው! ቆራሌው!» ሲል በየቤቱ ያለ ዕቃ ትንፋሹን ይውጣል። እትዬ አሰገደች ወደ ካውያው ሄዱና ብዙ ቆመው ከቆዩ በኋላ አነሡት።

«ከሰል ካየሁ ቆይቻለሁ» አለ ካውያው። «ለልጁ ይሁንለት።» ጆንያው ውስጥ ገባ።

እትዬ አሰገደች ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ ቤት ትተው፣ ኮምፒውተሩን ብቻ ተሸክመው ኑረዲን ዘንድ ሄዱ። ኑረዲን ራሙን ጨመረና ሞከረው። ራቁቱን ነውና እንደልቡ እየተነፈሰ ሠራ።

«ይኸው እማማ፣ ተስተካክሏል።»

ቤት ሲመለሱ ዳንቴሉን አለበሱት። ውሮ ዘላ ወጣች። እትዬ አሰገደች የኤሊዋን ተረት እንደገና ሊጽፉ ቀና ቢሉ፣ ካውያው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። «ወንዙን እንዴት ነበር የተሻገረችው?» አሉ። አልመጣላቸውም። ግራ ገባቸው፤ «ነገ ይመጣልኝ ይሆናል» ብለው ወደ ሁለተኛው ተረት አለፉ።

ሁለተኛው የወፊቱ ተረት ነው፤ እናታቸው ሲሰፉ የሚነግሯቸው። ወፊቱ ልጇን ልታስመልስ ጭልፊት ጎጆ ገባች። ልክ ጭልፊቱ ሲመጣ፦

«አየር! አየር! ታፈንኩ!» አለች ማራገቢያዋ።

«ዝም በይ፣ አታሳፍሪኝ!»

ድርግም! ወፊቱም ጭልፊት ጎጆ ውስጥ ቀረች።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ምን ጎደለህ?»

«ዋ! ጭረትህ!» አለች ውሮ፣ ጅራቷን እያወዛወዘች።

«ሃርድ ዲስኬ አርጅቶ ነው» አለ ኮምፒውተሩ። ሃርድ ዲስክ የተጻፈው ሁሉ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው፤ የጎደለው እሱም አልነበረም።

ጠዋት «ቆራሌው!» ተባለ። የስፌት መኪናዋ ተራ ደረሰ። «እግሬም ዝጓል» አለች ስትወጣ። «ብቻ ወፊቱን አደራ።» ኮምፒውተሩ ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባውም። ኑረዲን ፈጣን ዲስክ ገጠመ፣ ሞከረ፣ ሠራ። ቤት ሲገባ ለበሰ። እትዬ አሰገደችም የስፌት መኪናዋ የነበረችበትን ባዶ ጥግ እያዩ ብዙ ተቀመጡ፤ ወፊቱ ከጎጆው እንዴት እንደወጣች ሊያስታውሱ አልቻሉም።

የቀረው አንድ ተረት ነው። ድሮ የሬዲዮኑ ባትሪ ሲያልቅ ቤቱ ጭር ይላል፤ እናታቸው ያን ጊዜ የጥንቸሏን ተረት ይጀምሩ ነበር። እትዬ አሰገደች ሬዲዮኑን እያዩ፣ እንዳያመልጣቸው እየፈሩ፣ በጥድፊያ ጻፉ። ጥንቸሏ ጅብ ቤት ተዘግቶባታል። ጅቡ ቢላዋ ሊስል ጓዳ ገብቷል። ጥንቸሏ ዙሪያዋን አየች፤ አየችና፦

«አየር! አየር! አሁንስ ሞትኩ!» አለች ማራገቢያዋ።

ድርግም!

እትዬ አሰገደች አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረጉ አለቀሱ።

«ምን ጎደለህ የኔ ልጅ? ምን ላድርግልህ?»

«ፓወር ሰፕላይ...» አለ ኮምፒውተሩ። ፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለሆድ ዕቃው የሚያከፋፍል ነው።

ጠዋት ሬዲዮኑ ዳንቴሉን ተገፎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ከሩቅ «ቆራሌው! ቆራሌው!» ይሰማል። ሬዲዮኑ ወደ ውስጥ ተጣራ።

«አንተ ልጅ!»

«አቤት ጋሼ።»

«የኤሊዋን ተረት ካውያው ነበር የሚያውቀው። ስንት ጊዜ ሰምቶታል። የወፊቱን የምታውቀው የስፌት መኪናዋ ነበረች፤ እኔ ያን ጊዜ እየዘፈንኩ ስለነበር አልሰማኋቸውም። የጥንቸሏን እኔ አውቀዋለሁ። እትዬ እኛን እያዩ ነበር የሚያስታውሱት። እንዳይሸጡን ለእሳቸው የሚነግርልኝ ሰው አላገኘሁም፤ ስለ ራሴ ልለምን ደግሞ አፈርኩ። ብቻ አንተ ይህን ሁሉ ዕቃ በልተህ ከዳንክ ደግ ነው። ድነሃል?»

ቆራሌው ደጃፉ ደረሰ። ሬዲዮኑን አነሣ፣ አገላበጠው፣ የጆንያውን አፍ ከፈተ።

«ዋ! ጭረትህ!» አለች ውሮ።

«ጭረቴ ይታይ!» ብሎ ጮኸ ኮምፒውተሩ። «እትዬ! እትዬ፣ አይስጡት! ምንም አልጎደለኝም! ራምም፣ ዲስክም፣ ፓወር ሰፕላይም አልጎደለኝም። ታፍኜ ነው! ያለበሱኝ ዳንቴል አፍኖኝ ነው!»

እትዬ አሰገደች ሬዲዮኑን ከቆራሌው እጅ ነጠቁት። «ይቅርታ ወንድሜ፣ የሚሸጥ የለም» ብለው ገቡ። ውሮን ከላይ አወረዱ፣ ዳንቴሉን ገፈፉ፣ እጃቸውን በኮምፒውተሩ ጀርባ ቢያደርጉ እንደ ጋለ ምጣድ አቃጠላቸው። ማራገቢያዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«እኔን! እያነደድኩህ ነበር እንዴ? ምነው ታዲያ ቀድመህ ብትነግረኝ?»

«ከዚህ በፊት አክብሮ ያለበሰኝ ሰው የለም። ዳንቴሉ ከወለቀ ጭረቴ ይታይና ይጠሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

እትዬ አሰገደች ጎኑን ዳበስ አደረጉት። «አንተ ሞኝ» አሉ። «ጭረትህን እኮ አይቼ ነው የገዛሁህ።»

ኮምፒውተሩ እንዲህ ቀላል ነገር ሳያውቅ ካውያውንና የስፌት መኪናዋን አስበልቶ ነበርና በጣም አዘነ።

ያን ቀን ሬዲዮኑ ነገረ፣ እትዬ አሰገደች ጻፉ፣ ኮምፒውተሩ እየተነፈሰ ያዘ። ጥንቸሏም ከጅቡ ቤት ወጣች፤ ጅቡ ቢላዋውን ስሎ ሲመለስ ያገኘው ባዶ ቤት ነበር። እትዬ አሰገደች እናታቸው እንደሚስቁት አድርገው ሳቁ፣ ከዚያ ትንሽ አለቀሱ። ዳንቴሉ ገበሩ ወጥቶለት መስኮት ላይ ተሰቀለ፤ ነፋስ ሲገባ ይወዛወዛል፣ ደስ ብሎታል። ውሮ አኩርፋ ነበር፤ መስኮቱ ሥር ፀሐይ አገኘችና ረሳችው።

ካውያውንና የስፌት መኪናዋን እትዬ አሰገደች ብዙ ፈለጓቸው። ቆራሌውን ጠየቁት፤ ለሌላ ሸጫለሁ አለ። ያኛውን ጠየቁት፤ እሱም ለሌላ። አልተገኙም። ዛሬም ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» ሲባል እትዬ አሰገደች መስኮቱን ይከፍታሉ፣ ሬዲዮኑ ዘፈኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ማራገቢያዋ እንኳ ቀስ ትላለች። ምናልባት ከጆንያው ውስጥ የካውያው ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ሁሉም ጆሮውን ያቆማል።

እንግዲህ የምትወዱትን ስታለብሱ መተንፈሻው የት እንደሆነ ጠይቁ። እናንተም ያከበራችሁ ሰው ካፈናችሁ፣ ቤት ሳይራቆት ተናገሩ።

እኔ ተረቴን ጨርሻለሁ። ኤሊዋ ግን ገና ወንዝ ውስጥ ናት፣ ወፊቱም ጭልፊት ጎጆ ውስጥ፤ እንዴት እንደወጡ የሚያውቅ ካለ እትዬ አሰገደች ቤት ብቅ ይበል፣ መስኮቱ ክፍት ነው።