የወይዘሮ ደብሪቱ የሙት ግብር

በአንድ ወቅት፣ ሙታን ሳይቀሩ ይገብሩበት በነበረ አገር፣ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ስመ ጥር ጠጅ ጣይ ነበሩ። የዚያ አገር ሕግ እንዲህ ነበር። ሰው ሲሞት ንብረቱ ይገመትና የሙት ግብር ይጣልበታል። ግብሩ በአርባ ቀን ውስጥ ካልገባ ቤቱም ጓሮውም የመንግሥት ይሆናል። ግብሩ እስኪገባ ደግሞ ኑዛዜው አይነበብም፤ ቤቱ እንደታሸገ ይቆያል፤ ከውርሱ ላይ አንድ ብርሌ እንኳ ሸጦ መክፈል ክልክል ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው እናት አባቱን የቀበረ አይመስለኝም። ቀብሮም ከሆነ ሌላ ሰው ከፍሎለታል።

ወይዘሮ ደብሪቱ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። የበኩሩ ጓንጉል ገበሬ ነው። የመጨረሻው ስንሻው በቅሎ ጭኖ አገር ላገር የሚዞር ነጋዴ ነው። መሃለኛዋ የውብዳር ባሏ ሞቶባት ወደ እናቷ ቤት ከተመለሰች ሰባት ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ዓመታት ማሩን የምትበጠብጠው፣ ጌሾውን የምትወቅጠው፣ ጠጁን የምታጠልለው እሷ ነበረች። እናቷ አልጋ ሲይዙም ያስታመመቻቸው እሷ ናት። እናትየው ግን ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል፣ እሷ ራሳቸውን ደግፋ ይዛቸው ሳለ፣ «ስንሻው መጣ?» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። የውብዳር ይህን ለማንም አልተናገረችም። እንባዋ ሳይደርቅ ቅናት ሆዷ ገብቶ ተቀመጠ።

ከቀብሩ በኋላ ከሌላ አገር የመጣ ገማች ቤቱን ዞሮ አየና ስድሳ ጠገራ ብር ግብር ጣለ፤ ከዚያም በሩን አሸገ። ጓንጉልና የውብዳር ሲሰሙ ክው አሉ፤ ስንሻው ገና ከንግድ አልተመለሰም ነበር።

ጓንጉል የእርሻ ወቅት ሊገባ ሲል ሁለቱን በሬዎቹን ገበያ አወጣ። ቸግሮት እንደሚሸጥ ከፊቱ ይነበብ ነበርና በሁለቱ አርባ ብር ብቻ ሰጡት። ሚስቱ ሦስት ቀን አኮረፈችው። ብሩን ግምጃ ቤት ሲያስገባ ደረሰኙ በእሱ ስም ብቻ እንዲጻፍ፣ የማንም ስም አብሮ እንዳይገባ አጥብቆ አስጠነቀቀ። እሱም የራሱ ቁርሾ ነበረው። እናቱ ለስንሻው የንግድ በቅሎ ሲገዙለት ለእሱ አንድ ሞፈር እንኳ አልገዙለትም።

በሃያኛው ቀን ጓንጉል የግምቱን ወረቀት አምጥቶ እህቱ ባለችበት አስነበበ። ቤት፣ የጌሾ ጓሮ፣ ማር የሞላ አሥራ ሁለት ጋን ይላል። የውብዳር አሥራ ሁለት የሚለውን ስትሰማ ቀና አለች። በዚያች ከተማ ሰርግ ያለበት ቤተሰብ ማሩን በራሱ ጋን ሞልቶ ጠጅ ጣይ ዘንድ ያስቀምጣል፤ የማን እንደሆነ እንዲለይም ጋኑ አንገት ላይ የቤቱን ክር ያስራል። ከአሥራ ሁለቱ ጋን ስድስቱ የሰው ነበሩ። ገማቹ የአገሩን ልማድ ስለማያውቅ ክሩን ጌጥ አድርጎት አለፈ። ባለጋኖቹም ሰርጋቸው ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ አልተጣደፉም፤ ማራቸው ከሟች ንብረት ጋር መቆጠሩንም አልሰሙም። ወንድሞቿ ደግሞ እናታቸው ጓዳ ከገቡ ዓመታት አልፏቸዋል።

ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። ግን ትንሽ ይሯሯጡ አለች በሆዷ። አማራጭ ሲያጡ እኔ እናገራለሁ፤ ይህን ቤት ማን እንደሚያውቀው ያን ቀን ይገባቸዋል።

አርባኛው ቀን ደረሰና ሁለቱ ዳኛው ፊት ቆሙ። ሃያ ብር ጎደለ። የውብዳር ነጠላዋን አስተካክላ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ስንሻው የመንገድ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ሰዉን እየገፋ ገባ። መርዶውን ከአሥር ቀን መንገድ ሰምቶ መምጣቱ ነበር። የጎደለውን ሲነግሩት ቀኝ እጁን ዘረጋ።

«ጊዜ ስጡን» አለ። «እስከዚያ እኔን በቁራኛ ያዙኝ።»

ቁራኛ ማለት ባለ ዕዳው ከግምጃ ቤቱ ዘበኛ ጋር እጅ ለእጅ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝቶ አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ አብሮ ወንዝ መውረድ ነው። ዳኛው ሠላሳ ቀን ፈቀዱ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጓንጉል ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። የውብዳር ግን በገነች። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እልል ብሎላት አያውቅም። እናቱን አንድ ቀን ያላገላበጠ ልጅ አንድ እጅ በመዘርጋት የአገሩ ጀግና ሆነ። ቃሏን ዋጠችውና ቤቱ ከታሸገ ወዲህ ወደ ተጠጋችበት ጎረቤት ሄደች።

ነገ እናገራለሁ እያለች ቀኑ ነጎደ። የስንሻው የንግድ ባልንጀሮች ጥለውት ሄዱ፤ ጭነቱ ሳይሸጥ ተበላሸ፤ በቅሎውም በሰው እጅ ሞተች። የውብዳር ወሬውን ሁሉ ትሰማለች። ሲያዝኑለት ትበሳጫለች፤ በመበሳጨቷ ደግሞ ታፍራለች።

ስንሻው በታሰረ በሃያ ሰባተኛው ቀን ምግብ በአገልግል ቋጥራ ሄደችለት። ሰንሰለቱ የእጁን አንጓ በልቶት ቆስሏል። በግራ እጁ እየጎረሰ ጠየቃት።

«እታለም፣ እምዬ ስትሞት ስሜን ጠርታ ነበር?»

አልጠራችህም ልትል ነበር። ቁስሉን አየችና፣ «ያንተን ብቻ» አለችው።

ስንሻው አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ፣ ከዚህ ከወጣ መዞር እንደሚበቃው፣ ጠጅ ቤቱን ይዞ እንደሚያርፍ ነገራት። የውብዳር ይህን ስትሰማ ባዶውን አገልግል ይዛ ሳትሰናበተው ወጣች።

በማግስቱ ግን ዳኛው ዘንድ ሄዳ የጋኖቹን ነገር ተናገረች። ለወንድሟ ራርታ ነው የሚሉ አሉ። ቤቱ ሊወረስ ሁለት ቀን ስለቀረው ነው የሚሉም አሉ። እሷ ራሷም ለይታ የምታውቀው አይመስለኝም።

እሽጉ ተፈታ። ስድስቱ ቤተሰቦች ተጠርተው እያንዳንዳቸው ክራቸውን ለዩ። ግብሩ ከስድሳ ወደ አርባ ወረደ፤ የጓንጉል ብር ሞላ፤ የስንሻው ሰንሰለት ወለቀ። ዳኛውም ሰዉ በተሰበሰበበት ኑዛዜውን አነበቡ።

«ጠጅ ቤቴንና ጋኖቼን፣ የሙት ግብሬን ለከፈለ ልጄ አውርሻለሁ። ቤቱ ሁለት ጌታ አይችልምና አይከፈል። የቀረውን እኩል ይካፈሉ።»

ዳኛው ወረቀቱን አጥፈው፣ «ማነው የከፈለው?» አሉ።

ጓንጉል ደረሰኙን አወጣ። «ግምጃ ቤት የገባው አርባ ብር የእኔ በሬዎች ናቸው። ዘንድሮ ማሳዬ ጦሙን ያድራል። ከእኔ ሌላ አንድ ብር ያስገባ ካለ ይምጣ።»

ስንሻው ቀጠለ። «በአርባኛው ቀን ያንተ ብር አልበቃም፤ ቤቱ ሄዶ ነበር። ያቆየሁት እኔ ነኝ። በገላዬ ነው የከፈልኩት።»

የውብዳር ተራዋን ጠበቀች። «እኔ ባልናገር ነገ የጓንጉልም በሬ የስንሻውም እጅ በከንቱ ቀርቶ ነበር። ሃያውን ብር ያስቀነስኩት እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ያን ቤት ሰባት ዓመት ያቆመው ማን ነው?»

ሰዉ አጉረመረመ። ዳኛው ዝም አሰኙና ወደ የውብዳር ዞሩ።

«ጋኖቹ መቆጠራቸውን መቼ አወቅሽ?»

ያኔ ልብ አላልኩም፣ ትናንት ነው የገባኝ ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ወረቀቱ ሲነበብ ጓንጉል ፊቷን አላየም፤ ያነበበላቸው ሰውም ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር። ቤቱ ከአፏ በሚወጣ አንድ ቃል ላይ እንደቆመ ገባት።

«በሃያኛው ቀን» አለች።

«ወንድምሽ ከመታሰሩ በፊት?»

«አዎ። ቀንቼ ነው።»

ስንሻው ዞሮ አያት። ከዚያ እጅጌውን ጎትቶ የእጁን ቁስል ሸፈነ።

ዳኛው ፍርዱን ለሳምንት ቀጠሩ ይባላል፤ ምን እንደፈረዱ የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘሁም። ስለዚህ እናንተ ፍረዱ። አንዱ በሬዎቹን ሸጦ ብሩን አስገባ፤ ስሙን ብቻ አስጻፈ። አንዱ ገላውን አስይዞ ጊዜ ገዛ፤ ከእናቱ ግን አስቀድሞ የንግድ በቅሎ ተቀብሏል። አንዷ ቤቱን በአንድ ቃል አዳነች፤ ያንኑ ቃል አርባ ስምንት ቀን ሸሽጋ ወንድሟን አስቆሰለች፤ ማንም ሳያስገድዳት ደግሞ እውነቱን ተናገረች። ለመሆኑ የወይዘሮ ደብሪቱን የሙት ግብር የከፈለው ማን ነው? ቤቱስ ለማን ይገባል?