አስወጣው የተባለው ዲስክ

አንድ ሰው ነበረ። ሃያ ዓመት በየለቅሶው እየዞረ የአልቃሾችን ሙሾ በድምፅ ሲቀዳ የኖረ። አልቃሾቹ አንድ በአንድ አለፉ፤ ድምፃቸው የቀረው እሱ ዘንድ ብቻ ነበር።

ቅጂው ሲበዛበት ሦስት ዲስኮች አያይዞ ኮምፒውተሩ እንደ አንድ ጎተራ እንዲያያቸው አደረገ። ባለሙያዎቹ እንዲህ ተያይዘው የሚሠሩትን ዲስኮች ማኅበር ይሏቸው ነበር። ሰውየውም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ተኩራራ። ሞኝ! በአንዱ ዲስክ የተጀመረ ሙሾ በሌላው እንደሚያልቅ፣ አንዱ ከታመመ ሁሉም እንደሚታመሙ አላሰበም። ሌላ ቦታም ግልባጭ አላስቀመጠም።

አንድ ጠዋት መካከለኛው ዲስክ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር፤ ጎተራውም አልከፈት አለ። ሰውየው ክው ብሎ ባለሙያ ጠራ።

«ይሄማ ሞቷል» አለ ባለሙያው። «ኮምፒውተሩን፣ ጎደሎውን ከማኅበሩ አስወጣ በለው፤ የቀሩት ወዲያው ይነሡልሃል።»

«ሙሾዎቹስ?»

«እሱ ላይ ያረፈው ሁሉ አብሮ ይሰረዛል። ምን ታደርገዋለህ?»

ሰውየው ትእዛዙን ጽፎ ጨረሰ። አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ቀረው። ያን ጊዜ ጆሮውን ወደ ዲስኩ ጣል ቢያደርግ፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ደሙ ፈላ።

«ነፍሱ ሳትወጣማ ተዝካሩን አላወጣም!» ብሎ የጻፈውን አጠፋ።

የታመመውን የሚያክል አዲስ ዲስክ አመጣ። አሮጌውን ልጠግንህ አላለውም፤ አዲስ ሸክምም አልጫነበትም። ያለውን እንዳለ ወደ አዲሱ ገለበጠ። እምቢ ያለበትን ቦታ ዘለለው፤ ሲግል አሳረፈው፤ ተመልሶ እንደገና ሞከረው። ሦስት ቀን እንዲህ ታገለ። በአራተኛው ቀን ዲስኩ ጭራሽ ዝም አለ። ይበል! ያለውን ሰጥቷል። አዲሱን በቦታው ቢያስገባው ማኅበሩ የራሱ አባል ነው ብሎ ተቀበለው፤ ጎተራውም ተከፈተ። አንዲት ሙሾ ብቻ መሐሏ ላይ ተቆርጣ ቀረች።

አንተ የዕድራችን ጸሐፊ፣ «ጋሽ ደርበው መርሳት ጀምረዋል፤ ከሽማግሌዎቹ እናስወጣቸው ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ያገሩን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያጋቡ እሳቸው አይደሉም እንዴ? ማን ጽፎታል? ስማቸውን የምትሰርዝበትን እስክሪብቶ ይዘህ አጠገባቸው ተቀመጥ። የሚነግሩህን ጻፍ እንጂ አታርማቸው። የጠፋባቸውን ዝለለውና ነገ ተመልሰህ ጠይቃቸው። ሂድ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል? ገና ቀጭ ቀጭ ይላሉ!