የጋሽ በላቸው የቀለም መርጫ

አንዳንዱን አሳስቼ እነግራችሁ ይሆናል፤ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ቀኑንም አምታታለሁ። የማልሳሳተው ማሽኑ ዛሬም እኔ ቤት መሆኑን ነው።

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ውስጥ በላቸው የሚባል ቀለም ቀቢ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብረን ሠርተናል። አንድ የቀለም መርጫ ማሽንና ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ደምሰው፣ ንጋቱና ዘርፌ። የሐጂ ዩያን አዲስ የጨርቅ አዳራሽ ኮርኒስ ሊቀባ ቃል ገብቶ ሳለ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለውና ተኛ። ከአልጋው አጠገብ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ፣ «ማሽኑ ኮርኒሱን ላዳነው ልጅ ይሁን። አንተ ፍረድ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተናገረም።

ሐሙስ ጠዋት ከልጆቹ ጋር አዳራሹ ገባሁ። አዳራሹን የተከራዩት ነጋዴዎች ጣቃ ጣቃ ጨርቃቸውን አስቀድመው አስገብተው በላስቲክ ሸፍነውታል። ምርቃቱ እሑድ ነው። ቀለሙ ጨርቁን ከነካ የበላቸው ስም አበቃለት።

ታላቁ ደምሰው ጀመረ። አባቱ የግፊት ማዞሪያው ላይ በምስማር የጫረው ምልክት ነበር፤ ከዚያ ንቅንቅ ብለን አናውቅም። ምልክቱ ላይ ቢያደርገው ቀለሙ ጉም ሆኖ ቁልቁል ወረደ። ነጋዴዎቹ ጮኹ። ደምሰው ግን ካርቶን አስደግፎ እየረጨ፣ ማዞሪያውን ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ጉሙን አጠፋው። የአባቱን ምልክት ሲጥስ አላመነታም፤ እኔ ብሆን አልደፍረውም ነበር።

ጉሙ ቢጠፋም ቀለሙ መሐል ላይ እየወፈረ ያንጠባጥብ ጀመር። ንጋቱ ቀለሙ የሚወጣበትን የማሽኑን አፍንጫ ፈትቶ በብርሃን አየው፤ ቀዳዳው ተበልቶ ሰፍቷል። አባቱ «ዕድለኛዬ» እያለ ማንንም የማያስነካው አፍንጫ ነው። ንጋቱ ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ጣለውና አዲስ ገጠመ።

«ኧረ ልጄ፣ አባትህ ሳይሞት?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አፍንጫውን አክብረን ስሙን እናዋርድ?»

ቀለሙ እንደ ማራገቢያ እኩል ተዘረጋ።

እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ኮርኒሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክር ጀመር። ወንድማማቾቹ ግፊት ነው፣ አፍንጫ ነው እያሉ ሲጨቃጨቁ ዘርፌ መሰላል ወጥታ መዳፏን አስነካች። ከላይ ቆርቆሮው ስለጋለ ቀለሙ ሳይጣበቅ እየደረቀ ነበር። ወርዳ ማሽኑን ከሶኬት ነቀለች፤ ገመዱን ጠቅልላ ተቀመጠችበት። ንጋቱ ዙፋን አገኘች ብሎ ዘበተባት።

«አንቺ ልጅ፣ እሑድ እንግዳ አለብኝ» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ እንጀምራለን። አሁን ከረጨን እንግዳዎ ራስ ላይ ይራገፋል።»

የሻከረውን ፍቀው፣ ሁለት ጠዋት ሠርተው ቅዳሜ ጨረሱ። ኮርኒሱ አንድ ዓይነት ነጭ ሆነ፤ ጨርቁ ላይ አንዲት ጠብታ አላረፈችም።

ያኔ የአባታቸውን ቃል ነገርኳቸው። ምነው ዝም ባልኩ! ደምሰው ጉሙን ባያቆም ኖሮ በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉም ይባረሩ እንደነበር ተናገረ። ንጋቱ ነጠብጣቡ ባይቀር ጨርቁ አልቆ ነበር አለ። ዘርፌ ግን፣ «እኔ ምንም አላስተካከልኩም። ያቆምኩት ብቻ ነው» አለች።

እስክፈርድ ማሽኑ እኔ ቤት ገባ። በጋራ እንዳይሠሩበት ደምሰው ጅግጅጋ፣ ንጋቱ ሐረር ነው የሚኖሩት። ዘርፌ እዚሁ አባቷን ታስታምማለች። ይህ ወደ እሷ እንዳያደላኝ እፈራለሁ፤ በላቸው ፍረድ ያለኝ ላስታመመው አይደለም።

ለመጨረሻ ጊዜ ወሬ የሰማሁት የጥምቀት ማግስት ነው። ዘርፌ መጥታ አባቷ ዓይኑን ገልጦ፣ ሦስት ጣቱን ገጥሞ አንድ ነገር እንደሚያዞር ሰው ሲያደርግ እንዳየችው ነገረችኝ። ማዞሪያውን ይሁን አፍንጫውን አልለየችም። ቀጥሎም ኮርኒስ እንደሚዳስስ ሰው መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ አለች። ከዚያ ወዲህ በሬን ያንኳኳ የለም። በላቸውን ልጠይቅ እነሣና፣ ሳልፈርድ ምን ብዬ እገባለሁ እያልኩ ከደጄ እመለሳለሁ።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ማሽኑን ለማን ትሰጡታላችሁ? ምልክቱን ለጣሰው፣ አፍንጫውን ለጣለው፣ ወይስ ገመዱ ላይ ለተቀመጠችው?