ፍልፈል የሠራት የጦር በራሪ

ተረቴ መጣች፤ ጆሮ ያለው ይቀበላት።

በአንድ ዘመን አይጦችና ጭልፊቶች ጦርነት ገጠሙ። ጭልፊቶቹ ከላይ እየወረዱ አይጦቹን ቢለቅሟቸው፣ ብልሃተኛው ፍልፈል «ሰማይ ላይ የምትዋጋ በራሪ እሠራላችኋለሁ» አለ። ፍልፈል ዕድሜውን ከመሬት በታች የኖረ፣ ሰማይን አይቶ የማያውቅ ነው። ቢሆንም አይጥ ሁሉ ጨንቆት ነበርና አመነው።

የመጀመሪያዋን ከሸምበቆና ከላባ ሠራ። የእመት አይጢት የበኩር ልጅ ተሳፍሮባት ከገደል አፋፍ ተነሣ፤ ወድቆም ሞተ። ፍልፈል «ጅራቷ ከብዶ ነው» አለ። በሁለተኛዋም ሁለተኛው ልጇ ሞተ። «ክንፏ ጠቦ ነው» አለ። ሦስተኛዋን ሠርቶ የመጨረሻ ልጇን ሊወስድ ሲመጣ፣ እስከዚያ ድረስ እንባዋን ለፈጣሪዋ ብቻ ስታፈስ የኖረችው እናት በሯ ላይ ቆመች።

«እመት አይጢት፣ ልጅሽን ስጪኝ። ይቺ እንከን የላትም፤ ደግሞስ ለአገር አይደል?» አላት።

«አያ ፍልፈል፣ ጠላ የሚቀዳ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ ያቀርባል?»

«ኧረ ነውር ነው!»

«እንግዲያው ቅመሳት!» ብላ ጮኸች።

ጩኸቷን የሰሙ አይጦች ከየጉድጓዳቸው ወጥተው ፍልፈልን በራሪዋ ላይ ጫኑት፤ ወደ አፋፉም ይገፉት ጀመር።

«ቆዩ! ቆዩ በፈጠራችሁ!» አለ ፍልፈል። «ገና ናት! አልደረሰችም!»

ዘሎም ወረደና መሬቱን ቆፍሮ ገባ። እናቲቱ በራሪዋን ገመድ በገመድ በጥርሷ በጣጠሰቻት።

እኔ የሰማሁትን አደረስኩ፤ የሰማችሁም አድርሱ።