ባንድ ሙሉ ልብስ

አንድ ቀን፣ ካዛንቺስ የልብስ ስፌት ሱቅ በነበረኝ ዘመን፣ የጎረቤቴ የጋሽ አበጋዝ ዳንስ ቤት ተጫዋቾች «አትቁሚ» የሚል የዲስኮ ሸክላ አወጡ። የስድስት ልጆች ባንድ ነው። ዘፈኑ በሬዲዮ የአድማጮች ምርጫ ከአሥሩ መጨረሻ ገባ፤ በሳምንቱ ስምንተኛ ሆነ። ጋሽ አበጋዝ አንዱን አምፖል ሳያጠፋ ሌላውን የማያበራ ሰው ነው። ከስምንተኛ አያልፍም ብሎ በሰው ፊት ፎከረ።

«አንደኛ ከወጣ፣ ባንድ ሙሉ ልብስ አለብሳለሁ!»

በአምስተኛው ሳምንት አንደኛ ወጣ። ሰባት ሳምንት ማንም አላወረደውም። ቴሌቪዥን ጣቢያው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጠራቸው፤ ሙሉ ልብስ ያልለበሰ ግን ከበር ይመለሳል ተባለ። ልጆቹ ደግሞ ስድስቱም ያላቸው ሸሚዝ ብቻ ነው።

ጋሽ አበጋዝ እኔ ዘንድ መጥቶ፣ በወፍራሙ ትራምፔት ነፊ ልክ አንድ ሙሉ ልብስ አሰፋና ወሰደላቸው።

«የአምስታችንስ፣ ጋሼ?» አለው ዘርጋው፣ ቀጭኑ ቤዝ ጊታር መቺ።

«እኔ ምን አልኩ? ባንድ ሙሉ ልብስ! ቁጠረው፣ አንድ ነው። ሰፊ ስለሆነ ሁላችሁንም ይችላል። ተራ በተራ ልበሱት።»

ዘርጋው ልብሱን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ወጣ።

እሁድ ከሰዓት ዳንስ ቤቱ ጢም አለ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ገብቷል። መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ላይ ዘርጋው ብቻውን ቆሟል። እጅጌው ጣቶቹን ውጧቸዋል። ዱም፣ ዱም፣ ዱዱም ይላል ቤዙ፤ ከዚያ ወዲያ ዘፈን የለም፣ ከበሮ የለም። አምስቱ ባልደረቦቹ በሸሚዝ ከሰው መሀል ተቀምጠው ያጨበጭባሉ።

«ዘፈኑስ!» ብሎ ሰው ጮኸ። «አትቁሚ! አትቁሚ!»

ጋሽ አበጋዝ ላብ በላብ ሆኖ መድረኩ ሥር ደረሰ።

«አንተ! ሌሎቹ የት አሉ?»

«እነዚያውልዎ ተቀምጠዋል። ተራ በተራ ብለዋል አይደል? እኔ ስጨርስ አወልቅና ለከበሮ መቺው እሰጠዋለሁ። እሱ ሲጨርስ ደግሞ...»

«ሰው ሊያጋድመኝ ነው እኮ! በሩ ላይ ያስለጠፍኩትን ማስታወቂያ አላየህም?»

«ምን ይላል?»

«‹ዛሬ ባንድ ይጫወታል› ነዋ!»

ዘርጋው ቤዙን ሳያቋርጥ ጎንበስ አለለት።

«ታዲያ ምን ጎደለ፣ ጋሼ? ባንድ አለበሱን፣ ባንድ ተጫወትን።»

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ጋሽ አበጋዝ ደጃፌ ላይ ቆሞ ነበር። «አምስት፣ እስከ ዓርብ» አለኝ። ቅዳሜ ስድስቱም በቴሌቪዥን ታዩ። እሱም ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ ሲያጽፍ «ባንድ» ብሎ አያውቅም፤ «ስድስቱም ይጫወታሉ» ነው የሚለው።