ከጨጎ ወንዝ ማዶ ያልተቆጠሩት

ጠጋ በሉና ስሙ። አንድ አገር ነበረ፤ ደጋም ቆላም ያለው፣ ግብሩንም ከደጋውም ከቆላውም የሚሰበስብ። በዚያ አገር ቆላ ውስጥ ጨጎ የሚባል ወንዝ ይወርዳል። ከጨጎ ማዶ ሰርዶ ሜዳ የሚባል ቀበሌ አለ። በሰርዶ ሜዳ አንዲት ጠባብ ጤና ኬላ አለች፤ እዚያም ባንቺአየሁ የምትባል ነርስ ትሠራ ነበር።

ባንቺአየሁ ብዙ አልፈለገችም። ሆስፒታል ይሠራልኝ አላለችም፤ አምቡላንስ ይምጣልኝም አላለችም። የፈለገችው በፀሐይ ኃይል የምትሠራ አንዲት ትንሽ ማቀዝቀዣ ነው፤ ቁመቷ ከወገብ የማያልፍ፣ የክትባት ብልቃጥ የምትይዝ። ክትባቱ ከወረዳው ከተማ በበረዶ ሣጥን ሲመጣ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው። በዚያ ሙቀት በረዶው ገና መንገድ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ያደረ ክትባትም ይበላሻል።

በአንድ ሚያዝያ ኩፍኝ ገብቶ በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ሕፃናትን ቀጠፈ። አንዷ የባንቺአየሁ የእህቷ ልጅ ነበረች። ባንቺአየሁ ከቀብር እንደተመለሰች ነጠላዋን እንኳ ሳትቀይር ለወረዳው ደብዳቤ ጻፈች። መልስ ጠፋ። ሌላ ጻፈች፤ የዚያም መልስ ጠፋ። ወንዙ ሳይሞላ በሰኔ መግቢያ ራሷ ተነሥታ ሄደች።

የወረዳው ጤና ኃላፊ አቶ ሞላልኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጣት፣ ውሃ አስመጣላት፣ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርሽ» አላት። «መግዣ በጀት የለንም። ክፍለ ሀገሩ ካልሰጠን ከየት እናመጣለን?»

ባንቺአየሁ ነገሩን በልቧ ደረደረችው። ክፍለ ሀገሩ ካልሰጠ ወረዳው አይገዛም፤ ወረዳው ካልገዛ ማቀዝቀዣው አይመጣም፤ ማቀዝቀዣው ካልመጣ ክትባቱ አያድርም።

«እንግዲያው ክፍለ ሀገሩ ዘንድ እሄዳለሁ» አለችና ቦርሳዋን አነሣች።

ቀኑን ሙሉ አቧራ ስትቅም ውላ የክፍለ ሀገሩ ከተማ ገባች። የበጀት ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ፀዳለ ናቸው፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው የሰለለ ሴት። ባንቺአየሁ ስትናገር ቀና ብለው አላዩዋትም፤ ሕፃናቱ ላይ ስትደርስ ግን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔ በየዓመቱ እጮኻለሁ» አሏት። «የኛ ቆላ ከደጋው ክፍለ ሀገር በስፋት ይበልጣል፤ የሚደርሰን ግን የዚያን እኩሌታ አይሞላም። ዋናው ከተማ ካልደለደለልን እኔ ከምን ላይ ልስጥ?»

ባንቺአየሁ ደረደረችው። ዋናው ከተማ ካልደለደለ ክፍለ ሀገሩ አይሰጥም፤ ክፍለ ሀገሩ ካልሰጠ ወረዳው አይገዛም፤ ወረዳው ካልገዛ ማቀዝቀዣው አይመጣም፤ ማቀዝቀዣው ካልመጣ ክትባቱ አያድርም።

«ዋናው ከተማ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብላ ጠየቀች።

ወይዘሮ ፀዳለ ሳቁ። ከሳቁም በኋላ የመኪና መሳፈሪያዋን ከኪሳቸው ሰጧት።

አውቶቡሱ ደጋውን ሲይዝ መንገጫገጩ ቆመ፤ አስፋልት ገብቷል። በሦስት ሰዓት መንገድ ውስጥ ባንቺአየሁ አምስት ጤና ጣቢያ አየች፤ ሁሉም ጣሪያቸው የሚያብለጨልጭ፣ ሁሉም የመብራት ገመድ የተዘረጋላቸው። በአንዱ ደጅ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። አልቀናችባቸውም። የእነሱ ልጆች በመዳናቸው ደስ አላት፤ ግን የሰርዶ ሜዳ አሥራ አንዱ ልጆች እስከ ከተማው ድረስ ከልቧ አልወጡም።

በዋናው ከተማ የበጀት ክፍፍሉን የሚሠሩት አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ሁለት ሳምንት ደጅ ካስጠኗት በኋላ በሦስተኛው ሳምንት አስገቧት።

«እኔ የምደለድለው በቀመር ነው» አሏት። «ቀመሩ አያዳላም፣ ሲስተር። ደጋ ቆላ አያውቅም፤ አማላጅም አይሰማም። የሰው ብዛት ይነገረዋል፤ ያሰላል፤ በቃ።»

«ያልተነገረውንስ?» አለች ባንቺአየሁ።

 አቶ ልሳነወርቅ ኮምፒውተራቸውን ወደ እሷ አዞሩና ሰርዶ ሜዳን ፈለጉ። ከስሙ ፊት ለፊት ቁጥር የለም፤ ሰረዝ ብቻ ነው። ከጨጎ ማዶ ያሉት ሌሎች ሁለት ቀበሌዎችም ሰረዝ ናቸው። ወደ ታች ሲወርዱ ከሌሎቹ የቆላ ወንዞች ማዶ ያሉትም እንዲሁ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ።

«ይህ ሰረዝ ስንት ሰው ነው?»

«ቆጣሪው ያልደረሰበት ቦታ ነው። ለቀመሩ ግን … ዜሮ ነው።»

«እኛ አሥራ አንድ ልጅ ቀብረናል፣ ጋሼ» አለች። «ዜሮ ሰው አሥራ አንድ ልጅ አይቀብርም።»

አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ።  ከመሳቢያቸውም አንድ ቀጭን የመመሪያ መጽሐፍ አውጥተው ሰጧት።

«በየዓመቱ ሐምሌ የማስተካከያ ቆጠራ አለ። ቆጠራው በሐምሌ ከሞላ ቀመሩ ያዛል፤ እኔም አላዛንፍም። ካልሞላ ግን እጄ አጭር ነው።»

ባንቺአየሁ ደረጃውን ስትወርድ ደረደረችው። ቆጠራው ካልሞላ ቀመሩ አያዝም፤ ቀመሩ ካላዘዘ ዋናው ከተማ አይደለድልም፤ ዋናው ከተማ ካልደለደለ ክፍለ ሀገሩ አይሰጥም፤ ክፍለ ሀገሩ ካልሰጠ ወረዳው አይገዛም፤ ወረዳው ካልገዛ ማቀዝቀዣው አይመጣም፤ ማቀዝቀዣው ካልመጣ ክትባቱ አያድርም።

ወደ ወረዳው ከተማ ስትመለስ ሐምሌ ገብቷል፤ ዝናቡም እየወረደ ነው። ቆጣሪውን ፈልጋ አገኘችው። ይግዛው ይባላል፤ የቆጠራ ቅጾቹን በላስቲክ ጠቅልሎ በጠባብ ቢሮ የሚቀመጥ ሰው ነው።

«ሰርዶ ሜዳን ለምን አትቆጥርም፣ ወንድሜ?»

«በሐምሌ ጨጎን ማን ይሻገራል፣ ሲስተር? ካቻምና የሞከረውን ባልደረባዬን ውሃ ወስዶት በስንት መከራ ተረፈ። እኔ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ድልድይ ካልተሠራ አልሄድም።»

«ቆጠራው በበጋ ቢሆንስ?»

«ወሩን የወሰኑት ድልድይ ያላቸው ሰዎች ናቸው።»

«ድልድዩን ማን ነው የሚሠራው?»

«ወረዳው ነዋ። በጀት ሲያገኝ።»

ባንቺአየሁ ከቢሮው ወጥታ በረንዳው ላይ ቁጭ አለች። ወረዳው በጀት ካላገኘ ድልድዩ አይሠራም፤ ድልድዩ ካልተሠራ ቆጣሪው አይሻገርም፤ ቆጣሪው ካልተሻገረ ቆጠራው አይሞላም፤ ቆጠራው ካልሞላ ቀመሩ አያዝም፤ ቀመሩ ካላዘዘ ዋናው ከተማ አይደለድልም፤ ዋናው ከተማ ካልደለደለ ክፍለ ሀገሩ አይሰጥም፤ ክፍለ ሀገሩ ካልሰጠ ወረዳው በጀት አያገኝም፤ ወረዳው በጀት ካላገኘ ድልድዩ አይሠራም … ዞሮ ዞሮ መጀመሪያው ላይ ቆመ። አገር ምድሩን ዞራ የመጣችው ለካ አንድ ክብ ላይ ነው።

እንባዋ መጣ። ጠረገችውና ሌላ የምታደርገው ስለሌላት የመመሪያውን መጽሐፍ ከፍታ ማንበብ ጀመረች። ዝናቡ አባራ፤ ተመልሶ ዘነበ። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ብድግ አለች፤ ተመልሳም የይግዛውን በር አንኳኳች።

«ይህችን አንብብልኝ» አለችው።

ይግዛው አነበበ። «ቆጣሪው እያንዳንዱን ሰው በዓይኑ አይቶ፣ ስሙንም ከራሱ ወይም ከአሳዳጊው አንደበት ሰምቶ ይመዝግብ።»

«ወንዝ ይሻገር ይላል?»

ይግዛው ገጹን ገለጠ። ወደ ኋላ መለሰው። እንደገና አነበበው። «አይልም» አለ።

በማግስቱ ሁለቱ ጨጎ ዳር ደረሱ። ወንዙ እንደ ጭቃ ቀልቶ፣ ግንድ እየገለበጠ ይወርዳል። ባንቺአየሁ ግን ሁለቱ ገደሎች የሚቀራረቡበትን ጠባብ ቦታ ታውቃለች፤ እዚያ ድምፅ ይሻገራል፣ ፊትም ይለያል። እጇን በአፏ ዙሪያ አድርጋ የሰርዶ ሜዳውን ሽማግሌ ተጣራች።

«አያ ምኒችል፣ ሰዉን ሁሉ ይዘህ ውረድ። ልንቆጠር ነው።»

ሰዉ ወረደ። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ቤተሰብ፣ በሁለተኛው መቶ። የሦስቱም ቀበሌ ሰው ልጁን አዝሎ፣ አሮጊቱን በቃሬዛ ተሸክሞ ወረደ፤ በየቤተሰቡም ተሰልፎ ከገደሉ ጫፍ ቆመ። የአባወራው አሻራ በቅጹ ላይ ያስፈልጋል ሲባል አያ ምኒችል የማሽላ ወፍ በሚያባርሩበት ወንጭፍ ሲባጎ የታሰረበት ድንጋይ አስፈነጠረ፤ ሲባጎው ገመድ ሳበ፣ ገመዱ ቅርጫት ተሸከመ፣ ቅርጫቱም ቅጹን ከነቀለሙ እያመላለሰ ዋለ። ይግዛው ይጠራል፣ ማዶ ይመልሳል። በአምስተኛው ቀን የይግዛው ድምፅ ሲዘጋ ባንቺአየሁ ተካችው፤ እሷ ትጠራለች፣ እሱ ይጽፋል።

እማማ ጥሩዓለም የሚባሉ ባልቴት ብቻቸውን ከፊት ወጥተው ቆሙ።

«እኔ ብቻዬን ነኝ» ብለው ጮኹ። «አንድ ነኝ። ጻፈኝ።»

ይግዛው ጻፈ።

«ጻፍከኝ?»

«ጽፎዎታል፣ እማማ» ብላ ባንቺአየሁ መለሰችላቸው።

እማማ ጥሩዓለም እልልታቸውን አቀለጡት። ከኋላቸው የቆመው ሰው ተቀበላቸው፤ ገደሉ ለገደሉ አስተጋባ። ይግዛው አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አምስት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ሰው ተቆጥሮ አለቀ። ይግዛው በሌሎቹ የቆላ ወንዞች ዳር ለተቀመጡ ባልደረቦቹ ስልክ ደወለ። «ገጽ አሥራ ዘጠኝን አንብቡ» አላቸው። ሐምሌ ሳያልቅ በሰባት ወንዞች ዳርና ዳር ሰው ቆሞ ስሙን ሲጠራ ዋለ፤ የቆላው ሰረዝ ሁሉ ቁጥር ሆነ። ከዋናው ከተማ አንድ ተቆጣጣሪ ቆጠራውን ሊያስተባብል መጣ። ገደሉ ጫፍ አቁመው ማዶ ያለውን ሰው አሳዩት። ግማሽ ቀን ቆሞ ሰማ፤ ከዚያ ፈርሞ ሄደ።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ሁሉ ወደ ኋላ ተፈታ። ቆጣሪው ቆጠረ፤ ቆጣሪው ስለቆጠረ ቆጠራው ሞላ፤ ቆጠራው ስለሞላ ቀመሩ አዘዘ፤ ቀመሩ ስላዘዘ ዋናው ከተማ ደለደለ፤ ዋናው ከተማ ስለደለደለ ክፍለ ሀገሩ ሰጠ፤ ክፍለ ሀገሩ ስለሰጠ ወረዳው ገዛ፤ ወረዳው ስለገዛ ማቀዝቀዣዋ መጣች፤ ማቀዝቀዣዋ ስለመጣች ክትባቱ አደረ።

አቶ ልሳነወርቅ ቃላቸውን አላዛነፉም። ወይዘሮ ፀዳለ የቆላውን ድርሻ ሲያዩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ ይባላል፤ ከዚያ በሩን ዘግተው ብቻቸውን ሳቁ። አቶ ሞላልኝ ማቀዝቀዣዋን ከመኪና ያወረደው በገዛ እጁ ነው። ጥር ላይ ወንዙ ሲጎድል ስምንት ሰዎች በትከሻቸው አሻገሯት፤ በሚሻገሩበትም ቦታ የድልድዩ መሠረት እየተቆፈረ ነበር። የቆጠራውም ወር ከሐምሌ ወደ የካቲት ተዛወረ፤ ወሩን የወሰኑት ሰዎች በዚህኛው ጊዜ ወንዝ ያላቸውን ጠይቀው ነበር።

በመጀመሪያው የክትባት ቀን ሰልፉ ከጤና ኬላዋ በር እስከ ሾላው ዛፍ ደረሰ። ባንቺአየሁ የማቀዝቀዣዋን ክዳን ስትከፍት ቀዝቃዛ አየር ፊቷን ነካት፤ ዓይኗን ጨፍና ለአንድ አፍታ ቆመች። ብልቃጡን አወጣች። ከፊቷ የተቀመጠችው እናት የልጇን ክንድ ገለጠች፤ ልጁ መርፌው ሲገባ ጮኸ፣ ወዲያው ዝም አለ፣ ቀጥሎም የባንቺአየሁን ጣት ጨብጦ አለቅም አለ።

«ይኸው ጨረስን፣ የኔ ጌታ» አለችው። ከዚያ ቀና ብላ ሰልፉን አየችና «ቀጣይ» አለች።

በተከታዩ ሚያዝያ ኩፍኝ በአካባቢው ተነሣ ተባለ። ከሰርዶ ሜዳ ግን አንድም ልጅ አልወሰደም። ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ እኔም ስደረድር አፌ ደርቋልና አንድ ጣሳ ውሃ አቀብሉኝ።