«ወጣች ወይ?»

አንዲት ሴት ነበረች። አንድ ምሽት መብራቷን አጥፍታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በሯ ተዘግቷል። ከበሩ ውጪ፣ ግቢው ውስጥ፣ ጎረቤቶቿ ያወራሉ።

«ወጣች?» አለ አንድ ድምፅ።

«ኧረ የምን መውጣት! ይኸው እንደጠቆረች ናት።»

ወገኖቼ፣ ይህን ስትሰማ ምን የተሰማት ይመስላችኋል?

ከመፍረዳችሁ በፊት ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ጎረቤቶቿ እትዬ ጌጤ ይሏታል። ትርሲት የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻት። ትርሲት በሃያ ስድስት ዓመቷ ታማ ሞተች። ዓመቱ ሲሞላ ዕድርተኞቹ መጥተው «በቃሽ፣ ጥቁሩን አውልቂ» አሏት። እንቢ አለች። በሁለተኛው ዓመት ጥለት ያለው ነጠላ ገዝተው አመጡላት። ተቀብላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ይኸው ሦስት ዓመቷ። «ወጣች» የሚለው ቃል ለእሷ አንድ ትርጉም ብቻ ቀርቶታል፤ ከሐዘን ወጣች።

እና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። እናንተ ብትሆኑ አትለጥፉም?

«ቅድም ትንሽ ፈካ ያለች መስሎኝ ነበር» አለች ከመካከላቸው አንዷ። «ይኸው መልሳ ጨለመች።»

«እኔንስ አንገቴን አሳመመችኝ!» አለ ሌላው።

አንገቱን? እትዬ ጌጤ ግራ ገባት። እኔ አንገቱን ምን አደረግሁት?

«ፊቷ ደም መሰለ፣ አያችሁ?»

በጨለማ ፊቷን ዳበሰች።

«በሉ እንደዚሁ በጥቁሯ እናንሳት።»

ያንሱኛል? እኔ ሬሳ ነኝ እንዴ የምነሳው? አለች በልቧ። ከእንግዲህ ዕድሩም ይቅር፣ ጉርብትናውም ይቅር፤ ዛሬ ቁርጡን እነግራቸዋለሁ ብላ ተነሳች። የደጁን አምፖል አበራችና በሩን በረገደችው።

«ምን አገባችሁ! ብወጣ ባልወጣ ምን አገባችሁ? የወለድኳት እኔ፣ የቀበርኳት እኔ!»

ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ በርጩማ ይዞ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ጋሽ ደባልቄ፣ ጡረታ የወጣው የጭነት መኪና ሾፌር፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደፍቶ ስልኩን ላዩ ላይ በድንጋይ አስደግፎታል።

«አንቺ ጌጤ» አላት ዓይኑን በመዳፉ ከልሎ፣ «ያን አምፖል አጥፊልን እባክሽ። ፎቶውን አበላሸሽብን።»

«የምን ፎቶ?»

«የጨረቃዋን ነዋ! ግርዶሽ መሆኑን አልሰማሽም?»

ቀና አለች። እውነትም ጨረቃዋ የለችም፤ በቦታዋ እንደ ሸክላ የቀላ ነገር ተንጠልጥሏል።

«ስለ እኔ… አልነበረም?»

ፍሬሕይወት የምትባለው ነርስ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰችላት። «ስለ እርስዎ ማውራት ካቆምን እኮ ቆየን፣ እትዬ።»

ወገኖቼ፣ ይህ መልስ ደስ ያሰኛል ወይስ ያሳዝናል? አላሙኝም ብላ ትደሰት? ረሱኝ ብላ ታልቅስ? የምትይዘው ጠፋት። አምፖሉን አጠፋች፤ ወደ ቤትም አልተመለሰችም፣ ወደ ሰዉም አልሄደችም፤ በሯ ላይ ቆመች።

ጋሽ ደባልቄ ስልኩን አንስቶ ያነሳውን አየ። ሲስቅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ስልኩን ወደ እሷ አዞረው፤ ለካ በሩ ሲበረገድ ደንግጦ ሲነካው ካሜራው ወደ በሩ ዞሮ ኖሯል። በፎቶው ውስጥ የተከፈተ በር፣ ብርሃን፣ እጇን ያነሳች ጥቁር የለበሰች ሴት።

«ጨረቃዋስ?» አለች እትዬ ጌጤ።

«እሷማ አልወጣችም። የወጣሽው አንቺ ነሽ።»

ሳቁ ሳታስበው አመለጣት። ወዲያው ደነገጠች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥርሷን ሰው አላየውም ነበር። ፍሬሕይወት ጠጋ ብላ በርጩማዋን አካፈለቻት። ተቀመጠች።

«ስንት ሰዓት ትቆያለች እንዲህ?»

«የፈለገችውን ያህል ትቆይ» አለ ጋሽ ደባልቄ። «ማን ያቻኩላታል?»

እትዬ ጌጤ ይህን ቃል ብዙ አሰበችበት። ከዚያ «ትርሲት ብትኖር» አለች፣ «በአጠገብ ለማየት ጣሪያ ላይ ነበር የምትወጣው።»

«ጣሪያ አልሽኝ? ቆርቆሮዬን በእግሯ የቀደደችው ማን ሆነና! እስከ ዛሬ ያፈሳል እኮ!»

እንዲህ እየተባለ ስለ ትርሲት ተወራ፣ ተሳቀ፣ ተለቀሰ። ድንገት ፍሬሕይወት ቀና ብላ «እንዴ! ወጣች እኮ!» አለች። ጨረቃዋ ሙሉ ሆና ነበር። ስትወጣ ማንም አላየም፤ ማንም አላነሳትም።

ጥቁሩንስ አወለቀች? ትሉኝ ይሆናል። አላወለቀችም። በማግስቱ ደጅ ስትጠርግ ያው ጥቁሩን ለብሳ ነበር። እየጠረገችም ከጋሽ ደባልቄ ጋር ስለዚያ ቆርቆሮ ትጨቃጨቅ ነበር። ይህ መውጣት ይባላል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ስንት ቀን አስቤ አልለየልኝም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ። እናንተ በሐዘንተኛ በር ላይ ስንቴ ቆማችሁ «በቃሽ፣ ውጪ» ብላችኋል? ስንቴስ ነጠላ ገዝታችሁ ሄዳችኋል? መልካም። የልጇን ስም ግን ስንቴ ጠርታችሁላት ታውቃላችሁ? እንዳናስታውሳት እያላችሁ ዝም አላችሁ። እናት የረሳች ይመስል!

ያን ምሽት እናንተም በየግቢያችሁ ጨረቃዋን ስታዩ አምሽታችኋል፤ ጥላውን ከላይዋ የገፈፈው ከእናንተ ማን ነው? ማንም። ብርሃኗን የሰጣት ጌታ በጊዜው ገለጠላት። የእናንተ ድርሻ በርጩማ ይዞ መውጣትና አንገት እስኪያም መቀመጥ ነበር፤ እሱንም ማንም ሳያስገድዳችሁ አደረጋችሁት።

እንግዲህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ፣ በግቢያችሁ ውስጥ አንድ የተዘጋ በር አለ። «ወጣች ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። በርጩማችሁን ይዛችሁ ደጃፏ ላይ ተቀመጡ። ለጨረቃ ያደረጋችሁትን ለጎረቤታችሁ አትንፈጉ።